ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ

ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ድምፁ ሰለለ። ሞተረኛዋ የፈላ ውሃ የያዘውን ማንቆርቆሪያ አንጠልጥላ ስትሮጥ ውሃው ፈንጥቆ እጇን ለበለባት፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። በናፍታው ማጣሪያ፣ በፊልትሮው ላይ የጠመጠመችው ጨርቅ በውርጩ ደርቆ ግግር ብሏል። ውሃውን ቀስ እያደረገች አፈሰሰችበት።

"በል እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!" አለችው ሞተሩን። "ዛሬን ብቻ አታዋርደኝ። ነገ እንዳሻህ ተኛ።"

ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ሞተረኛዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ነፋሱ የመብራቱን ምሰሶ ከጣለው ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ውሃ ማፍላት፣ ጨርቅ ማሞቅ፣ ሞተር መለመን። በእንዲህ ያለ ብርድ ናፍታ እንደ አደረ ሾርባ ይረጋል፤ ባትሪውም አርጅቷል፤ ስለዚህ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ መልሶ ለማስነሳት ያለው ጣጣ ለጠላትም አይሰጥ። ነፋሱ ራዲያተሩን በቀጥታ ስለሚመታው ፊቱን በካርቶን ግማሽ ድረስ ጋርዳዋለች። ብርድ በገባ ቁጥር በዚያ አካባቢ መኪና ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ካርቶኑ እኩሌታውን ብቻ እንዲሸፍን ተጠንቅቃ በሽቦ አስራዋለች።

ጄኔሬተሩ የቆመው ከማኅበሩ የጫጩት ማስፈልፈያ ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር ነው። ሁለት ጎማና አንድ የመጎተቻ ዘንግ አለው። ከእሱ የሚነሳው ገመድ ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቶ የቁም ሳጥን የሚያህለውን ማስፈልፈያ ማሽን ያሞቃል። ማሽኑ ውስጥ የአባላቱ ሁሉ እንቁላል አለ። ዛሬ ደግሞ የመፈልፈያው ቀን ነው።

የጓሮው በር ተከፈተና አዋላጇ ብቅ አሉ። እንቁላሎቹን የሚያገላብጡት አሮጊት ናቸው፤ አዋላጅ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ማን እንደሆነ ባይታወቅም እሳቸው ግን በስሙ ይኮራሉ።

"ነይ፣ ነይ፣ ነይ! ጆሮሽን ይዘሽ ነይ!"

ሞተረኛዋ እጇን በቱታዋ እየጠረገች ገባች። ባሏ በማሽኑ መስታወት ላይ ግንባሩን ለጥፎ ቆሟል። ከእንቁላሎቹ ውስጥ፣ ገና ካልተሰበረው ልጣጭ ውስጥ፣ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። በጥቂቶቹ ላይ የምስማር ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች።

"እየተጠራሩ ነው" አሉ አዋላጇ። "ና ውጣ፣ እኔ ወጣሁ ይባባላሉ። አንዱ ዝም ካለ ሌላውም ይሰንፋል።"

ሞተረኛዋን ማልቀስም መሳቅም አማራትና ሁለቱንም ትታ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። "እንግዲህ ዘንድሮ ማን ቀባሪ እንደሚለኝ አያለሁ" አለች።

ቀባሪዋ የሚለው ስም የተሰጣት ባለፈው የብርድ ወራት ነው። ያን ጊዜም እንዲሁ መብራት ጠፍቶ፣ እንዲሁ ጫጩቶቹ ሊወጡ ተቃርበው ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ምሽት ላይ መጥቶ ናፍታ ለመቆጠብ ብሎ አስጠፋት። ማሽኑ ሙቀቱን ይይዛል፣ ሂጂና ተኚ አላት። ጠዋት ሞተሩ አልነሳ አለ። ጫጩቶቹ ልጣጫቸውን እንደ ታቀፉ ሞቱ፤ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ የቀበረቻቸውም እሷው ናት። በአባላቱ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነስቶ "ሞተሩ ተበላሸ" ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሞተረኛዋ ዞረ። እሷም የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፣ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ነው፣ ቤተሰብ በአደባባይ አይዋረድም ብላ አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስትሄድ እንኳ "ቀባሪዋ መጣች" የሚል ሹክሹክታ ትሰማለች። ያን ቀን ዝም በማለቷ ዛሬም ድረስ ቆሽቷ ያርራል።

ወደ ሞተሩ ስትመለስ የትራክተር ድምፅ ሰማች። ትራክተሩ ግቢ ገብቶ ቆመ፤ ሊቀመንበሩ ከትራክተረኛው ጎን ወረደ። ካፖርት ደርቦ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ ጫማውን አስጠርጎ ለእንግዳ ተዘጋጅቷል።

"ደህና አደርሽ?"

"ደህና ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎስ?"

"ሞተሩን አጥፊልኝ። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ይደርሳሉ፤ አዳራሹ መብራት ይፈልጋል፣ ድምፅ ማጉያም አለ። ማታ እንመልሰዋለን።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ ነዋ። እንግዳ ቀን አማርጡኝ ይላል?"

"ጫጩቶቹም አላማረጡኝም፣ ጋሼ። እየወጡ ነው።"

"እንኳን ደስ አለሽ!" አለ ሊቀመንበሩ ጓንቱን እያጠለቀ። "ማሽኑ ሙቀቱን ይይዛል።"

ሞተረኛዋ ክው አለች። ሰውየው ያችኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይናገራታል! ጭራሽ አያስታውሳትም። ካስታወሰም እሷ እንደማታስታውስ እርግጠኛ ነው።

"አላጠፋም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አላጠፋም አልኩ። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ አላጠፋም።"

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ትራክተረኛው እየሰማ መሆኑን አየና ሳቁን ዋጠ። "ይሄ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ከአባትሽ አልወረስሽውም።"

"ከአባቴ ብወርሰውማ አሁኑኑ በሰጠሁዎት። የማኅበሩ ስለሆነ እኮ ነው። እንቁላሉም የማኅበሩ ነው።"

"ሁለተኛ ማሽን ሊሰጡን የሚመጡ ሰዎች ናቸው! በጨለማ ልቀበላቸው?"

"በእጃችን ያለውን ገድለን ሁለተኛ እንለምን? ደግሞ የምን ጨለማ? አዳራሹ መስኮት ሞልቶታል። ድምፅ ማጉያውም ይቅርብዎ፣ እርስዎ ሲቆጡ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

ትራክተረኛው ሳቁን ለመደበቅ በኃይል አሳለ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚህች ጋር አፍ መካፈት ክብሩን እንደማይመጥን ለማሳየት ፊቱን አዙሮ በጓሮው በር ገባ፤ የሄደው ወደ ወንድሙ ነው። ሞተረኛዋ ይህን ታውቃለች። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ዝንብ አይነካም፤ በወንድሙ ፊት ግን ሁልጊዜ ልጅ ይሆናል። አሁን ተለማምጦ መጥቶ "ምን አለበት፣ ለዛሬ ብቻ" ሊላት ነው። እሷ ግን ከናፍታው በርሜል አጠገብ ያለውን አሮጌ ጆንያ አንስታ በመጎተቻው ዘንግ ላይ አነጠፈችና ቁጭ አለችበት።

"እህቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አላት ትራክተረኛው።

"እያረፍኩ።"

"እዚያ ላይ ከተቀመጥሽ እኮ ትራክተሩ ላይ ማሰር አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

ትራክተረኛው ራሱን አከከና ወርዶ ጎማውን መመርመር ጀመረ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ባሏ ከወንድሙ ጋር ተመልሶ መጣ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበታል። "ጋሼ እንዲህ ይላል..." ብሎ ጀመረ።

"የሚሉትን ሰምቻለሁ። አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔማ... ጫጩቶቹም አሉ። እንግዶቹም አሉ።"

"ሁሉም አሉ፤ አንተ ብቻ ነህ የሌለኸው" አለችው።

ሊቀመንበሩ አፉን ሊከፍት ሲል ሞተሩ እንግዳ ድምፅ አወጣ፤ ማሳል አይደለም፣ መንተፋተፍም አይደለም። ጎተት ያለ ቁርጥርጥ የሚል ድምፅ ነበር። የጋለ ብረትና የተቃጠለ ቀለም ሸተታት። ብድግ ብላ ከመዞሯ በፊት ሞተሩ በገዛ እጁ ቀጥ አለ።

ግቢው ጸጥ አለ። በጓሮው በር በኩል ከማሽኑ የሚመጣው የጫጩቶቹ ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ሞተረኛዋ ወደ ሞተሩ ፊት ዞረችና ያየችውን ማመን አቃታት። ጄኔሬተሩ በፊት ለፊቱ በኩል ብርድ ልብስ ለብሷል። ያውም ለሌሊቱ ጥበቃ ይዘውት የመጡት የራሳቸው አልጋ ብርድ ልብስ፣ ሰማያዊው፣ ጥለት ያለው። ከብርድ ልብሱ ሥር የራዲያተሩ ፊት ከላይ እስከ ታች በሌላ ትልቅ ካርቶን ተሸፍኗል። አየር የሚገባበት ስንጥቅ እንኳ የለም። ከራዲያተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል።

"ማነው እንዲህ ያለበሰው?"

"እኔ ነኝ" አለ ባሏ በደከመ ድምፅ። "ቅድም ከጋሼ ጋር ስትነጋገሪ በወዲያ በኩል ዞሬ... ነፋሱ ይመታዋል ብዬ። አንቺ ግማሹን ጋርደሽ አየሁና ሙሉውን ብጋርደው የበለጠ ይሞቀዋል ብዬ ነው።"

ሰው ሊቆጣም ሊስቅም የሚችልበት ነገር ነበር። ሞተሩ በዚያ ሁሉ ውርጭ መሃል በሙቀት ታፍኖ ነው የቆመው! ደግነቱ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ነው፤ ባይሆን ኖሮ እስካሁን ነዶ ነበር። ሞተረኛዋ ብርድ ልብሱን ገፈፈች፣ ካርቶኑን ቀደደች። ልትጮህበት አፏን ከፍታ የባሏን ፊት ስታይ ተወችው።

"ይኸው!" አለ ሊቀመንበሩ እጁን እያጨበጨበ። "ፈጣሪ ራሱ ፈረደ። በል አንተ፣ እሰረውና እንሂድ።"

ትራክተረኛው ቆመ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። "ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ጠፍቷል። አዳራሽ ወስደነው ምን ያደርግልናል?"

"እዚያ ሲደርስ ይነሳል!"

አዋላጇ በበሩ ብቅ አሉ። "ምን ሆናችሁ? መብራቱ ጠፋብኝ። ክፍሉ እየቀዘቀዘ ነው፤ ድምፃቸው እየሳሳ ነው፣ ልጆቼ!"

ሞተረኛዋ ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ለባሏ ወረወረችለት። "ማሽኑን አልብሰው። አሁን ደግሞ ደህና አድርገህ አልብስ፤ እዚያ ነው ሙቀት የሚፈለገው። የመተንፈሻዎቹን ቀዳዳዎች ብቻ አትድፈን። ሮጥ በል!"

ባሏ ሮጠ። እሷ መሮጥ አልቻለችም። ያን ሁሉ ብርድ ስትዋጋ ከርማ አሁን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረባት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትጨምርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ጄኔሬተሩ ለቁራሌው ካልሆነ ለማንም አይሆንም። እጇን በራዲያተሩ ላይ እያሳለፈች ሙቀቱን ትለካለች፤ በጆሮዋ ደግሞ ወደ ቤቱ ታዳምጣለች። ጩኸቱ ቀንሷል። አንድ ሁለቱ ብቻ ይሰማሉ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ ሊቀመንበሩ ትራክተረኛውን። "እሰር አልኩህ።"

ያን ጊዜ ሞተረኛዋ ቀና አለች። ለመጮህ አላሰበችም ነበር፤ ድምፁ ግን ወጣ።

"አምናም እንዲህ ነው ያስገደሉኝ! ማሽኑ ሙቀቱን ይይዛል፣ አጥፊ፣ ሂጂ ተኚ አሉኝ። አጠፋሁ። ሞቱ። በማግስቱ ሰው ፊት ቆመው ሞተሩ ተበላሸ አሉ። ሞተሩ አልተበላሸም ነበር፣ ጋሼ! እርስዎ ነዎት ያስጠፉት!"

ትራክተረኛው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። አዋላጇ በበሩ ላይ እንደቆሙ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አደረጉ።

"ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?" አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ወርዷል። "ሬት የጠጣሽ ይመስል ይህን ሁሉ ጊዜ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ? ደግሞስ ማን ሰማ? ማን ምስክር አለሽ?"

"እኔ ሰምቻለሁ" አለ ባሏ።

ከአዋላጇ ጀርባ ቆሟል። የሚናገረው መሬቱን እያየ ቢሆንም ቃሉ አልተንቀጠቀጠም። "እኔም ነበርኩ፣ ጋሼ። አጥፊ ብለሃታል። ዝም ያልኩት ስለማከብርህ ሳይሆን ስለምፈራህ ነበር።" ከዚያም ሊቀመንበሩ ምንም ከመናገሩ በፊት ሌላ ነገር ጨመረ፤ "ማሽኑን አልብሼዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ በጠርሙስ አድርጌያለሁ። ምን ላድርግ አሁን?"

ሞተረኛዋ ለቅጽበት ብቻ አየችው። ያገባችው ለዚህ ነበር፤ ትንሽ ዘግይቶ ቢደርስም። "ተጨማሪ ውሃ አፍላ" አለችው።

ራዲያተሩ እጅ የሚያስነካ ሆነ። ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ቀስ ብላ ከፈተች፤ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመረች። ፊልትሮው ግን መልሶ ቀዝቅዟል፤ ጨርቁን አልብሳ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። ቁልፉን አዞረች። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ አንዴ አቃሰተና ቆመ። እንደገና አዞረች፤ ቀጭ ብቻ አለ። ባትሪው አልቋል።

ዞር ብላ ትራክተሩን አየች። ትራክተረኛውም ትራክተሩን አየ። ሊቀመንበሩ ሁለቱንም አየ።

"እንዳታስበው!" አለው።

ትራክተረኛው ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አደረገው። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። የሚስቴ እንቁላል እዚያ ውስጥ ነው። ዘንድሮም ባዶ እጄን ብገባ በሩን አትከፍትልኝም። እርስዎ ቤት ያሳድሩኛል?"

መልስ አልጠበቀም። ትራክተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ አስጠጋ፤ ከወንበሩ ሥር የባትሪ ገመድ ጎትቶ አወጣ። ሞተረኛዋ አንዱን ጫፍ ተቀበለችው። ጣቶቿ በብርዱ ደንዝዘው አልታዘዝ ቢሏትም በጥርሷ እየታገዘች አሰረችው።

"ስጠው!" አለች፤ ትራክተረኛውም ነዳጅ ረገጠ።

ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ አወጣ፣ ጠፋ። ባሏ ማንቆርቆሪያውን ይዞ እየሮጠ ደርሶ ሳትነግረው ፊልትሮው ላይ አፈሰሰ። እንደገና አዞረች። ሞተሩ አሳለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ሊጠፋ ሲል እጇን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳታነሳ "እምቢ በል! እምቢ በል እንጂ!" እያለች ጮኸችበት። ያዘ። ቆርቆሮው ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመስኮቱ የማሽኑ መብራት ቦግ ሲል ታየ።

አዋላጇ ወደ ውስጥ ገቡ። ሞተረኛዋ ልትከተላቸው አልደፈረችም። የቀድሞውን ካርቶን አንስታ ግማሽ ድረስ ብቻ በሽቦ አሰረችው። አሮጊቷ ሲመለሱ በመዳፋቸው እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ ለዓይን የማያምር ነገር ይዘዋል። ነገርየው አፉን ከፍቶ ጮኸ።

"የመጀመሪያዋ ናት!" አሉ። "ሁለት ሦስቱ ዝም እንዳሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ይንጫጫሉ። አሁን መልሼ ልክተታት፣ ብርድ ይመታታል።"

ትራክተረኛው አጨበጨበ። ሞተረኛዋ በመጎተቻው ዘንግ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች፤ ፊቷ በጥላሸት ተለቀለቀ። ደስ አላት፤ ይህን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ለብቻው ጥግ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆየ። ኋላ ቀረብ አለና ከሞተሩ ድምፅ በላይ ለመሰማት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ቁጣው በርዷል፤ የደከመ ሽማግሌ መስሏል።

"ስሚኝ። የሆነው ሆኗል። ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። መብራት የለም ስላቸው ምክንያት ይፈልጋሉ፤ የገዛ ሞተረኛው እምቢ አለችው ከሚሉኝ... ሞተሩ ተበላሸ እላቸዋለሁ። አንቺም ከጠየቁሽ እንደዚያው በይ። እዚሁ እንቅበረው። በስብሰባው ላይ እኔ ራሴ አመሰግንሻለሁ፣ ቀባሪ የሚልሽም አይኖርም።"

መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ሞተረኛዋ ለአፍታ እሺ ልትል አስባ ነበር። ሰውየው የባሏ ወንድም ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። አንዲት ትንሽ ውሸት ሁሉንም ወደ ቦታው ትመልሳለች። ባሏን ተመለከተችው፤ በእጁ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ የምትለውን ይጠብቃል።

"ይደውሉላቸውና ስልኩን ይስጡኝ" አለች።

"ምን ልትያቸው?"

"ይደውሉ፣ ጋሼ። አላዋርድዎትም።"

ሊቀመንበሩ አመነታ፤ ከዚያ ደውሎ ሰጣት። በወዲያኛው ጫፍ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ "ሃሎ፣ ሃሎ" ይላል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ የማኅበሩ ሞተረኛ ነኝ" አለች። "ስለ ጄኔሬተሩ ነው።"

"አይሰማኝም! የምን ጩኸት ነው?"

ሊቀመንበሩ በእጁ ሞተሩን ቀነስ አድርጊው የሚል ምልክት አሳያት። ሞተረኛዋ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ብድግ ብላ ቆማ፣ አየር በደንብ ስባ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ ጮኸች።

"ጄኔሬተሩ ነው የሚጮኸው! ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም! ሊቀመንበሩ ለእናንተ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ጫጩቶች እየወጡ ስለሆነ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ!"